ሕዝቡ አይሸበርም፤ መስማት ያቆማል

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ አነበብኩት። አደጋ ሲያንዣብብ ለሕዝብ ምን ይነገር፣ መቼ ይነገር፣ ማንስ ይናገር የሚል ነው። ጸሐፊው ሰሜን ሸዋን ከደጋው እስከ ቆላው የሚያውቁ፣ ለሥራውም የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ክርክራቸውን ባጭሩ ስሰበስበው እንዲህ ይላል፦ ሕዝቡ በማስጠንቀቂያ ላይ እምነት ያጣው ያልተጣራ መረጃ እየቀደመ ስለሚያሸብረው ነው፤ ስለዚህ አደጋው እርግጥ እስኪሆን ዝም ይባል። ሲነገርም ከአንድ በር ብቻ ይውጣ። ወሬ የሚያናፍስ ይቀጣ። ሊስት የሚችል ትንበያ ለገበሬ አይሰጥ፤ አንዴ ከሳተ ማንም አይሰማንምና። ገበሬው ደግሞ ማብራሪያ ሳይሆን አጭር ትእዛዝ ይበቃዋል። መደምደሚያቸው ለሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች ሰፊ ሥልጠና ይሰጥ የሚል ነው።

እኔ በወረዳ ደረጃ በቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ። ከዚያ ወንበር ሆኜ ያየሁት የተሸበረ ሕዝብ አይደለም። ያየሁት መስማት ያቆመ ሕዝብ ነው። ሁለቱ በሽታዎች የተለያዩ ናቸው፤ ለአንዱ የታዘዘው መድኃኒት ሌላውን ያባብሳል። እንግዲህ ነጥቦቻቸውን በተራ ልያዝ። በአንዱ ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ።

ከሽብሩ ልጀምር። ጸሐፊው የ2017ቱን የመሬት መንቀጥቀጥ ምስክር አድርገው ያቀርባሉ፤ ሰዉ ከየቤቱ ወጥቶ ውጭ ማደሩን፣ ስልክ መጨናነቁን፣ ሌሊቱን ሙሉ ወሬ መናፈሱን ይዘረዝራሉ። እኔም ያንኑ ጊዜ ልጥራ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ መሬቱ ለወራት ሲናጥ ከረመ። ታኅሣሥ 26 በሬክተር ስኬል 5.8 ገደማ፣ የካቲት 7 ደግሞ 6.0 የደረሱ መንቀጥቀጦች ተመዘገቡ። መንግሥት በአፋር፣ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች ካሉ ተጋላጭ ቀበሌዎች ወደ 80,000 ሰው ማንሣት እንደጀመረ አስታወቀ። ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና፣ ደብረ ብርሃን ያለ ሰው ንዝረቱን በአልጋው ላይ ሆኖ ሰምቶታል። ታዲያ ምን አደረገ? ሕፃናቱን አውጥቶ ነጠላና ጋቢ ደርቦ ደጅ ተቀመጠ። አዲስ አበባና አዋሽ ያሉ ዘመዶቹን ደወለላቸው። ጎረቤት ያለችውን አቅመ ደካማ አሮጊት ደግፎ አወጣ። ይህን ሽብር የሚለው ካለ፣ እኔ ጥንቃቄ እለዋለሁ። አደጋ ላይ ያለ ሰው ምን እንደሚያደርግ ለአሥርት ዓመታት ያጠኑ የማኅበራዊ ሳይንስ ሰዎች ደጋግመው የደረሱበትም ይኸው ነው፤ ሰው እርስ በርሱ ተረጋግጦ የሚተራመሰው ከስንት አንዴ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይጠይቃል፣ ያጣራል፣ ይረዳዳል። ችግሩ ሲጠይቅ የሚመልስለት ማጣቱ ነው።

ደግሞ ይህ አገር ለመንቀጥቀጥ እንግዳ አይደለም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. መጨረሻ ካራቆሬን ማዕከል አድርጎ የተነሣው፣ ከ6 በላይ የተለካው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሷል፤ የካራቆሬን ብዙ ቤቶች ጥሏል፤ የደሴን መንገድም ጎድቷል። ያኔ ልጅ የነበሩ ዛሬ ሰማንያን የሚጠጉ አዛውንት በኤፍራታና ግድም፣ በአንጾኪያ ገምዛ ዛሬም አሉ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር በመሬት መናወጥና መንሸራተት ክፉኛ መጎዳቷም የተጻፈ ታሪክ ነው። ይህን ሁሉ በቃል ሲቀባበል ለኖረ ሕዝብ ‹‹አትንገሩት፣ ይደነግጣል›› ማለት ማንን ለመጠበቅ ነው?

ዝምታና ማረጋጋት ምን እንደሚያስከትል ለማየት ከአገር ውጭ ያለ አንድ ታሪክ ልጥቀስ፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነውና። በጣሊያን ላኩዊላ የምትባል ከተማ በ2009 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለወራት በትናንሽ መንቀጥቀጦች ስትናጥ ከረመች። የከተማዋ ሰዎች ከአያቶቻቸው የወረሱት ልማድ ነበራቸው፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ ሌሊቱን ከቤት ወጥተው አደባባይ ያድራሉ። የሕዝቡን ሥጋት ለማብረድ ባለሙያዎች ተሰበሰቡ። አንድ ከፍተኛ የሲቪል መከላከያ ባለሥልጣንም በቴሌቪዥን ቀርበው ምንም የሚያሠጋ ነገር እንደሌለ፣ እንዲያውም ተረጋግተው አንድ ብርጭቆ ወይን ቢጠጡ እንደሚሻል ተናገሩ። ከስብሰባው በ6 ቀን፣ ኤፕሪል 6 ሌሊት፣ ትልቁ መንቀጥቀጥ መጣ። ከ300 በላይ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ አንዳንዶቹ ‹‹ምንም የለም›› ስለተባሉ የአያቶቻቸውን ልማድ ትተው ቤታቸው የተኙ ነበሩ። ፍርድ ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. ስድስት ሳይንቲስቶችንና ባለሥልጣኑን 6 ዓመት ፈረደባቸው። በይግባኝ ሳይንቲስቶቹ ነፃ ወጡ፤ የባለሥልጣኑ ቅጣት ወደ 2 ዓመት ተቀነሰ እንጂ አልተሰረዘም። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ‹‹መንቀጥቀጥ ባለመተንበያቸው ታሰሩ›› እያለ ያወራዋል፤ አይደለም። መንቀጥቀጥ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ይመጣል ብሎ መተንበይ የሚችል የለም። ክሱ የማያውቁትን እንደሚያውቁ አድርገው ሕዝብን አረጋግተዋል የሚል ነበር።

ለጸሐፊው የምለው ይህን ነው፦ እርግጠኝነት እስኪመጣ እንጠብቅ ካልን፣ እርግጠኝነቱ የሚመጣው ከጣሪያው ጋር ነው። እርግጠኛ ሳይሆኑ መናገር ግን ይቻላል። የምናውቀው ይህ ነው፤ የማናውቀው ይህ ነው፤ እስከዚያው እናንተ ይህን አድርጉ፤ እኛ ነገ በዚህ ሰዓት ተመልሰን እንነግራችኋለን። አራት ዓረፍተ ነገር ነው። በ2017ቱ ጊዜ እንደ ፕሮፌሰር አታላይ አየለ ያሉ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪዎች በየመገናኛ ብዙኃኑ እየቀረቡ ከምድር በታች ምን እየሆነ እንዳለ ሲያስረዱ ሰዉ ሻይ ቤት ውስጥ ጸጥ ብሎ ይሰማቸው ነበር። ማንም ጨርቁን ጥሎ ሲሮጥ አላየሁም። ከአራቱ ዓረፍተ ነገሮች እኛ ጋ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ሦስተኛውና አራተኛው ነው። ሦስተኛውን የምንሞላው ከሌላ አገር በተቀዳ ምክር ነው፤ ‹‹ጠረጴዛ ሥር ግቡ›› ይላል። መንዝ ውስጥ በጭቃ በተያያዘ የድንጋይ ቤት፣ በመደብ ላይ ተቀምጦ የሚኖር ሰው የቱ ጠረጴዛ ሥር ይግባ? ከበሩ ሁለት እርምጃ ላይ ያለው ምን ያድርግ? ፎቅ ላይ ያለውስ? ቤቱ ሲለያይ ምክሩም ሊለያይ ይገባል፤ ይህን ከባለሙያ ጋር ቁጭ ብሎ አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው ሥራው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ አንድ በር። ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ ያልኩት እዚህ ጋ ነው። የተፈናቀለውን ቁጥር ዞኑ አንድ፣ ወረዳው ሌላ፣ ቀይ መስቀል ሦስተኛ አድርገው ሲናገሩ ሰሚው ሁሉንም ይጥላቸዋል። በዚህ ላይ ጸሐፊው እውነት አላቸው፤ ቁጥር፣ ቦታና ሰዓት ከአንድ ቋት መቀዳት አለበት። ነገር ግን ከአንድ ቋት መቅዳት አንድ ነገር ነው፣ በአንድ አፍ ብቻ መናገር ሌላ ነገር ነው። አባቶቻችን ነጋሪት ሲጎሰም ‹‹የሰማህ ላልሰማ አሰማ›› ይሉ የነበረው የቃሉ ባለቤት አንድ ቢሆንም አሰሚው ሁሉም እንዲሆን ነው።

ሰሜን ሸዋን እንደ አንድ አዳራሽ አድርጎ ማሰብ አይቻልም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ውርጭ ስትፈራ፣ በጣርማበር በኩል ቁልቁል ሲወረድ ሸዋ ሮቢት ሙቀትና ጎርፍ ትፈራለች። ከቀወት እስከ አንጾኪያ ባለው ቆላ አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ አጣዬ ሳይደርሱ ያለውን የሰንበቴን ገበያ ያየ ያውቀዋል። እዚያ ቆሞ በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ መግለጫ፣ ከአንድ ቢሮ የሚነገር ማስጠንቀቂያ የሚደርሰው ቢሮው አጠገብ ላለው ነው። ጸሐፊው ካህናት፣ ሼኮች፣ የእድር ዳኞችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ‹‹ሥልጣን የሌላቸው›› በመሆናቸው ዝም ይበሉ ባይ ናቸው። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ሞት ሲኖር ሌሊት ተነሥቶ በየበሩ ጥሩንባ የሚነፋው ሰው ከማንኛውም መግለጫ ይቀድማል፤ ሲነፋም ‹‹እውነት ይሆን?›› ብሎ የሚጠይቀው የለም። ያንን እምነት በገንዘብ ልግዛ ቢሉ አይገዛም። ባንግላዴሽ በ1970 እ.ኤ.አ. በአንድ ማዕበል ቢያንስ 300,000 ሰው እንደሞተባት ይገመታል። ከዚያ በኋላ ያደራጀችው የማስጠንቀቂያ ሥርዓት የቆመው በየመንደሩ ባሉ በጎ ፈቃደኞች ላይ ነው፤ ቁጥራቸው ዛሬ ከ70,000 በላይ ደርሷል፤ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። በድምፅ ማጉያና በባንዲራ በየቤቱ እየዞሩ የሚያስጠነቅቁት ጎረቤቶች ናቸው። ማዕበሉ ዛሬም ይመጣል፤ የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን ከቀድሞው ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ስለ ወሬው ብዙ አልልም። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሐሰት መረጃን የሚያስቀጣ ሕግ ሆኖ ወጥቷል፤ ስለዚህ ጸሐፊው የሚጠይቁት ቅጣት በወረቀት ላይ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ወሬው ቀንሷል? ወሬ የሚያድገው ጥያቄ ኖሮ መልስ በሌለበት ነው። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያኔ ወሬ በሾፌርና በረዳት አፍ ከአዲስ አበባ ደሴ ይመላለስ እንደነበር የመንገዱ ሰው ሁሉ ያስታውሳል፤ ደብረ ሲና ሲደርስ አንድ ሞት የነበረው ኮምቦልቻ ሲገባ አሥር ይሆናል። አስተባባዩም አልነበረም፤ የሚያስተባብልበት መንገድ አብሮ ተዘግቷልና።

ከዚህ ይልቅ ጸሐፊው ሊያነሡት ሲገባ ያለፉት ነገር አለ። በዚህ አካባቢ መግለጫ ላይ እምነት ያሳጣው የመንደር ወሬ ብቻ አይደለም፤ መግለጫው ራሱ ነው። ‹‹ሁኔታው በቁጥጥር ሥር ውሏል›› የሚለውን አነጋገር አጣዬ ላለ ሰው ንገሩትና ፊቱን አይታችሁ ፍረዱ። በ2013 ዓ.ም. ከተማዋ ስትቃጠል የነበረ ሰው ያንን ቃል የሚሰማው እንደ ማስጠንቀቂያ ነው። ወደ ኋላም ብንሄድ፣ የ1965 እና የ66ቱ ረሃብ ወሎን ሲፈጅ የሰሜን ሸዋን ቆላና ደጋም ነክቷል። የሚበላው ያጣ ገበሬ በደሴ መንገድ ዳር ወድቆ እያለ ነገሩ እንዳይነገር ተደረገ። የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ከጣሉት ነገሮች አንዱ ረሃቡን መደበቁ እንደሆነ የሚክድ የታሪክ ሰው አላውቅም። መደበቁ ሽብር አስቀረ? ረሃቡንስ? በአንጻሩ የኮሮናን ጊዜ አስታውሱ። መጋቢት 4፣ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሰው መያዙ ከተነገረ በኋላ ጤና ሚኒስቴር በየቀኑ ምን ያህል ሰው እንደተመረመረ፣ ስንት እንደተገኘ፣ ስንት እንዳገገመ እያወጣ ከረመ። ሰዉ ማስኩን በአገጩ አድርጎ መዞሩን አልተወም፣ ይህን አልክድም፤ የምርመራ አቅማችንም ትንሽ ስለነበር ቁጥሩ ሙሉውን ሥዕል አያሳይም ነበር። ቢሆንም የቀኑ ቁጥር ሲዘገይ ‹‹ዛሬ ስንት ሆነ?›› ብሎ የሚጠይቅ ሕዝብ ነበረን። የሚጠይቅ ሕዝብ መስማት አላቆመም።

አሁን ወደ ትንበያው። ጸሐፊው ነብር መጣ እያለ መንደሩን ያስቸገረውን እረኛ ተረት ያነሳሉ። ሁላችንም በልጅነት የሰማነው ነው። እረኛው ግን ዋሽቷል! ነብር እንደሌለ እያወቀ ነው የጮኸው። ‹‹ቁጥቋጦው ሲነቃነቅ አይቻለሁ፣ ከብቶቹን ሰብስቡ›› ብሎ ቢጮኽና ነብሩ ወደ ሌላ ቢሄድ ተረቱ ሌላ ተረት በሆነ። ሳይደርስ የቀረ አደጋ ሁሉ ውሸት አይደለም፤ ውሸት የሚመስለው በማግሥቱ መጥቶ ‹‹ትናንት ያልነው ለምን እንዳልደረሰ ይህ ነው›› የሚል ሰው ሲጠፋ ነው። እኛ አስጠንቅቀን እንጠፋለን። ቀጥሎ የምንታየው ለሌላ ስብሰባ ነው።

ደግሞስ ትንበያው የሚስተው የት ላይ ነው? የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በበጋ፣ በበልግና በክረምት መግቢያ የሚያወጣው የወቅት ትንበያ ዝናቡን በሦስት ይመድበዋል፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። የተለየ ምልክት በሌለበት ጊዜ ለሦስቱም ዕድሉ እኩል፣ አንድ ሦስተኛ ነው። እንበልና ለምሥራቁ ቆላ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ ነው ተባለ። ትርጉሙ እንዲህ ባሉ አሥር ዓመታት ውስጥ በአራቱ ወይም በአምስቱ ዝናቡ ያጥራል፣ በቀሩት አያጥርም ማለት ነው። ይህ ወረቀት ከክልል ወደ ዞን ሲሄድ ‹‹የዝናብ እጥረት ይጠበቃል›› ይሆናል። ወረዳ ሲደርስ ‹‹እጥረት ይኖራል››። ቀበሌ ላይ ‹‹ዘንድሮ ዝናብ የለም››። ከዚያ ሐምሌ ላይ ዶፉ ሲወርድ ‹‹ሜትሮሎጂ ዋሸ›› ይባላል። ትንበያው አልዋሸም። ቁጥሩን በየጠረጴዛው ላይ የጣልነው እኛ ነን፤ የጣልነውም ልክ እንደ ጸሐፊው ‹‹ገበሬው ዕድል ምን እንደሆነ አይገባውም›› ብለን ነው።

አይገባውም? የቀወት ገበሬ ማሽላውን በሚያዝያ ይዘራል፤ ዝናቡ ከቆመበት ገልብጦ ጤፍ ወይም ማሾ ይዘራበታል። ለዚያ የሚሆን ዘር ቀድሞ ካላስቀመጠ ገበያ ላይ ዋጋው ይሰቀልበታል። ስለዚህ ገና በመጋቢት ስንት ቁና ዘር ልያዝ፣ ስንቱን ልሽጥ ብሎ ያሰላል። የመንዝ ገበሬ በበልግ ገብስ ይጫወታል፤ ቢይዝለት ክረምቱን ይሻገራል፣ ባይዝለት ዘሩም የለም፤ ስለዚህ ያለውን ሁሉ አይዘራም። ይህ ዕድልን ማስላት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ‹‹ከአሥር ዓመት አራት ወይም አምስቱ›› ብትሉት ከእኔም ከጸሐፊውም ፈጥኖ ይገባዋል። ‹‹ያልጠረጠረ ተመነጠረ›› የሚለው ሕዝብ ነው እኮ።

ከሁሉ ይልቅ የምከራከራቸው በአምስተኛው ነጥብ ላይ ነው። ለገበሬ አጭር ትእዛዝ ይበቃዋል፤ ‹‹ልቀቁ›› ከተባለ ይልቀቅ፤ ለምን ብሎ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው ይላሉ። ጎርፍ በደጅ ሲሆን አዎን፤ ያኔ ማብራሪያ አይቀርብም። ያ አጭር ትእዛዝ የሚሠራው ግን ማብራሪያው ከወራት በፊት ተሰጥቶ ከሆነ ብቻ ነው።

በመስከረም 1998 ዓ.ም. በደብረ ሲና አጠገብ፣ በጣርማበር ወረዳ ይዛባ ወይን በሚባለው አካባቢ መሬቱ ተንሸራትቶ ብዙ ቤቶችን አፍርሷል፤ ሺዎችን አፈናቅሏል። ከደብረ ሲና በታች ያለው ገደል ዳር፣ ከአንኮበር እስከ ግሼ የሚዘልቀው ቁልቁለት ሁሉ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያሠጋ መሬት ነው። ዓለቱ የተሰባበረ፣ አፈሩ ውኃ ሲጠጣ የሚከብድ፣ ከሥሩ ምንጭ የሚፈልቅበት ነው። መሬቱ ከመንሸራተቱ በፊት ምልክት ይሰጣል። ማሳ ላይ ስንጥቅ ይታያል፤ ዛፍ ይዘምማል፤ ምንጭ ይደፈርሳል ወይ ቦታ ይለውጣል፤ ትናንት ይዘጋ የነበረ በር ዛሬ መቃኑ ጠሞ አልዘጋም ይላል። እነዚህን የሚያየው ማን ነው? ደብረ ብርሃን ወይም ባሕር ዳር ያለ ባለሙያ አይደለም፤ እዚያው የሚያርሰው ነው። ታዲያ ‹‹ልቀቅ›› ብቻ ያልነው ሰው ስንጥቁን ሲያይ ለማን ይናገራል? ትእዛዝ ወደ ታች ብቻ ይሄዳል፤ ማስጠንቀቂያ ግን ወደ ላይም መውጣት አለበት። ገበሬው ‹‹ማሳዬ ተሰነጠቀ›› ብሎ ሲያመለክት ‹‹እናያለን›› ተብሎ ከተመለሰ፣ በቀጣዩ ክረምት እኛ ‹‹ልቀቅ›› ስንለው እሱም ‹‹እናያለን›› ይለናል። ፍትሐዊ ነው።

ሐምሌ 15፣ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ውስጥ የደረሰውን አንረሳውም። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት የሮጡ፣ በሁለተኛው ናዳ የተቀበሩ ነበሩ። የእኛ ገደላማ ቀበሌዎች ነዋሪም ያንኑ ያደርጋል፤ ጎረቤቱ ተቀብሮ ቆሞ የሚያይ የለም፣ እንዲያይም አልመኝም። ‹‹አትጠጉ›› የሚል ትእዛዝ እዚያ ሰዓት ላይ ማንንም አያቆምም። ሊያቆመው የሚችለው አስቀድሞ የተረዳው ነገር ነው፤ ናዳ ሲወርድ በላይ በኩል ያለው አፈር ድጋፉን እንደሚያጣ፣ ሁለተኛው ሊከተል እንደሚችል፣ ስለዚህ ሁሉም ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ከፍ ብሎ ቁልቁለቱን እየጠበቀ መጮኽ እንዳለበት፣ ብዙ ሆኖ በአንዴ መግባት እንደማይገባ። ይህን በሰንበቴ ላይ፣ በማኅበር ላይ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ በሰኔ ማስረዳት ይቻላል። ረጅም ነው፤ በጽሑፍ መልእክት አይላክም።

ሕዝቡ ለጋራ ጥቅም የወጣ ክልከላን አይሰማም የሚሉም እንዳሉ አውቃለሁ፤ ጸሐፊውም ወደዚያ ያዘነብላሉ። መንዝ ጓሳን፣ ያንን የጋራ የሣር መሬት፣ ሄዶ ያየ ግን እንዲህ ለማለት አይደፍርም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ በሚነገረው የቄሮ ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት ይከለል ነበር፤ ማንም እንዳይነካው። ሕዝቡ ክልከላውን ያከበረው ከሩቅ ስለታዘዘ አልነበረም። የሥርዓቱን አለቃ፣ አባ ቄራውን፣ የመረጠው ራሱ ነው፤ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት ሲወሰን ተቀምጦ ሰምቷል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ሲያፈርሰው ነው ጓሳው መጎዳት የጀመረው። በኋላም ነዋሪው ራሱ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ አቆመው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጸሐፊው አልነኩትም። ማስጠንቀቂያ ብቻውን አይቆምም፣ ከተከተለው ድርጊት ጋር ነው የሚመዘነው። በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ የሰማሁት ስሞታ ‹‹ተመዝግበን ነበር›› የሚል ነው። ጎርፍ ሲመጣ መዝጋቢ ይመጣል፤ አንበጣ ሲመጣ መዝጋቢ ይመጣል፤ ውርጭ ገብሱን ሲመታ መዝጋቢ ይመጣል። መዝጋቢው ስም ይጽፋል፣ የቤተሰብ ብዛት ይጽፋል፣ የጠፋውን ኩንታል ይጽፋል። ከዚያ እርዳታው ይዘገያል ወይም ይቀራል፤ ለምን እንደቀረ የሚናገር ግን የለም። በሚቀጥለው ምዝገባ ሰዉ የጠፋበትን ሦስት እጥፍ አድርጎ ያስመዘግባል፤ እኛም ‹‹ሕዝቡ ይዋሻል›› ብለን ቁጥሩን በግምት እንቆርጣለን። ማን ጀመረው? እርዳታው ባይመጣ እንኳ ተመልሶ ሄዶ ‹‹አልተፈቀደም፤ ምክንያቱ ይህ ነው፤ ሌላ አትጠብቁ፣ ያላችሁን በዚህ መንገድ አብቃቁ›› ማለት ይከብዳል። እኔም ይከብደኝ ነበር። ግን የሚከብደው ለተናጋሪው ነው፤ ሰሚው ዝም ከሚባል ይሻለዋል፤ ቢያንስ በሬውን ዛሬ ይሽጥ ወይስ ይጠብቅ የሚለውን ይወስንበታል።

ስለ ሥልጠናው የቀረበው ሐሳብ ክፉ አይደለም። ሥልጠና መቼም አይጠላም። ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ግን እኔ ቅደም ተከተሉን እቀይረዋለሁ። የሸዋ ሮቢትንና የጀውሃን አካባቢ የሚመታው ደራሽ ጎርፍ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቆላው ላይ ፀሐይ ወጥታ እያለ ነው፤ ዝናቡ የሚጥለው ላይ ደጋው ላይ ነውና። ደመና የሌለበት ሰማይ ሥር ልጅ ወንዝ ውስጥ ይታጠባል፣ ከብት ውኃ ይጠጣል፣ ሽንኩርት የሚያጠጣው ሰው ሞተሩን ወንዙ ዳር አስቀምጦ ምሳ ይበላል። ከላይ ዝናብ እየጣለ መሆኑን የሚያውቀው ላይ ያለው ሰው ነው፤ ውኃው እስኪወርድ ድረስም አንድ ስልክ የሚደወልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ከጣርማበርና ከመንዝ ወገን በወንዞቹ ራስ ካሉ ቀበሌዎች ጎረቤቶቻቸው ራሳቸው የሚመርጧቸውን ሦስት ሦስት ሰዎች መያዝ፤ የስልክ ካርድ ሞልቶ መስጠት፤ ቁጥራቸውን በቆላው ላሉ የእድር ዳኞች፣ ለመስጊዱና ለቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ማድረስ፤ ዝናቡ ጥሎ ጎርፉ ባይመጣም በማግሥቱ ደውሎ ለምን እንዳልመጣ መነጋገር። ወጪው የአንድ ቀን የሆቴል አዳራሽ አበል አይሞላም።